አዲስ ቤት ተረክቦ መግባት፦ መቅደም ያለበት፣ ሊቆይ የሚችለውና ከወለድ የሚጠብቀን ዕቅድ

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት (ኮንዶሚኒየም) የደረሳቸው ብዙ ቤተሰቦች የሚረከቡት ያለቀ ቤት አይደለም። ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ሻካራ ልስን ይሆናል። የውስጥ በር፣ ቁም ሳጥንና የኩሽና ካቢኔት አብዛኛውን ጊዜ የለም። በኮዬ ፈጬ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶና በሌሎችም ሳይቶች ቁልፍ የተቀበለ ሰው በአንድ በኩል የኪራይ ቤት እየከፈለ በሌላ በኩል የፊኒሺንግ ወጪ ይጠብቀዋል።

አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው በዚህ ጊዜ ነው። ሁሉን በአንድ ጊዜ ጨርሶ ለመግባት የሚቸኩል ሰው በወለድ ይበደራል፤ ወይም ለዓይን የሚታየውን አስቀድሞ ከግድግዳ ጀርባ ያለውን ይረሳል። በሁለተኛው ዓመት ሴራሚኩ ተነስቶ ቧንቧ ይፈለጋል፤ ከታች ያለው ጎረቤትም ጣሪያው እየረጠበ ይቸገራል። ይህ ጽሑፍ አዲስ ቤት የሚረከብ ሙስሊም ቤተሰብ ሥራውን እንዴት በቅደም ተከተል ሊያስኬድ እንደሚችል፣ ለዒባዳና ለንጽሕና ከመጀመሪያው ምን ማሰብ እንዳለበት፣ ገንዘቡንም ከሐራም እንዴት እንደሚጠብቅ ያብራራል። ምሳሌዎቹ ከኮንዶሚኒየም ይወሰዱ እንጂ አብዛኛው ሐሳብ በግቢ ለተሠራ ቤትም ያገለግላል።

ሥራውን በሦስት መክፈል

ቁርኣን መኖሪያ ቤትን አላህ (ሱ.ወ.) ለባሮቹ ካደረገው ጸጋ አንዱ፣ የማረፊያ ቦታ አድርጎ ይጠቅሰዋል (አን-ነሕል 80)። ዕረፍት የሚሰጠው ቤት ዕዳ የማያስጨንቅበት ቤት ነው። ስለዚህ አቅምን አይቶ ሥራውን በሦስት ደረጃ መክፈል ይጠቅማል።

አንደኛው ከመግባት በፊት የግድ የሚያልቀው ነው። የኤሌክትሪክ መስመር፣ የውሃና የፍሳሽ ቧንቧ፣ የመታጠቢያ ቤት ውሃ መከላከያ፣ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ፣ የውጭ በርና መስኮት፣ ለሰገነት (በረንዳ) የልጆች መከላከያ ከዚህ ይመደባሉ። እነዚህን ቤተሰብ ከገባ በኋላ መሥራት አቧራና ተጨማሪ ወጪ ያመጣል፤ የተሠራውንም ማፍረስ ይጠይቃል።

ሁለተኛው በገቡ በ1 ዓመት ውስጥ ሊሠራ የሚችለው ነው። የመኝታ ክፍል ወለል፣ የውስጥ በሮች፣ የመጨረሻ ቀለም፣ ቀላል የኩሽና መደርደሪያ በዚህ ይካተታሉ። ለጊዜው መጋረጃ በር ሊሆን ይችላል፤ ንጹሕ ሲሚንቶ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ይኖራል፤ ይሰገዳልም።

ሦስተኛው ያለ ምንም ጉዳት ለዓመታት ሊቆይ የሚችለው ነው። የጂፕሰም ኮርኒስ ጌጥ፣ የቴሌቪዥን ግድግዳ፣ ሙሉ የኩሽና ካቢኔት፣ ውድ መብራቶችና አዲስ ሶፋ እዚህ ላይ ናቸው። ብዙ ሰው በወለድ የሚበደረው ግን ለዚህ ለሦስተኛው ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ለባል አንድ ፍራሽ፣ ለሚስት አንድ፣ ለእንግዳ አንድ እንደሚበቃ፣ አራተኛው ግን የሸይጧን መሆኑን መናገራቸውን ሙስሊም ዘግበውታል። ዑለማዎች የሐዲሱን መልእክት ከፍላጎት በላይ ለታይታ ከሚደረግ ማከማቸት መከልከል አድርገው አብራርተውታል። በአል-ፉርቃን 67 ደግሞ የአር-ረሕማን ባሮች ሲያወጡ የማያባክኑ፣ የማይሰስቱም፣ በመካከሉ የሆኑ ተብለው ተገልጸዋል። ማባከን ብቻ ሳይሆን መሰሰትም እንደተነቀፈ ልብ ይሏል፤ በቀጭን ሽቦ ኤሌክትሪክ ማስዘርጋት ቁጠባ ሊባል አይችልም።

በርክክብ ቀን

የርክክብ ሰነድ ከመፈረም በፊት ቤቱን በቀን ብርሃን ማየት ያስፈልጋል። ባልዲ ውሃ ይዞ በእያንዳንዱ የወለል ፍሳሽ ላይ ማፍሰስና ቶሎ መውረዱን መመልከት፣ መስኮቶችን ሁሉ ከፍቶ መዝጋት፣ የላይኛው ቤት መታጠቢያ የሚያርፍበትን ጣሪያ እርጥበት እንዳለው መፈተሽ፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ንባብ መመዝገብ ተገቢ ነው። በልስን ላይ የሚታይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ የተለመደ ነው። በምሰሶ (ኮለን) ወይም በቢም ላይ የሚታይ፣ ወይም በግድግዳ ላይ በአግድሞሽ ወደ ላይ የሚወጣ ሰፊ ስንጥቅ ግን በባለሙያ መታየት አለበት። ጉድለት ከተገኘ በፎቶ አንስቶ በጽሑፍ ማስመዝገብ በኋላ ለሚነሳ ክርክር ማስረጃ ይሆናል።

የቱን ግድግዳ መንካት ይቻላል?

የጋራ ሕንፃዎች በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚተዳደሩ ናቸው። በአዋጁ መሠረት አንድ ባለቤት የራሱ የሆነው ቤቱ ሲሆን፣ ምሰሶ፣ ደረጃ፣ ጣሪያ፣ የውጭ ግድግዳና የጋራ መስመሮች ግን የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ንብረት ናቸው። ባለቤቶችም ማኅበር አላቸው፤ ማኅበሩም መተዳደሪያ ደንብ አለው። ስለዚህ የውጭ መስኮት ማስፋት፣ ሰገነትን በግንብ ዘግቶ ክፍል ማድረግ፣ ጣሪያ ላይ ሮቶ መስቀል የባለቤቱ ብቻ ውሳኔ አይደለም።

ምሰሶና ቢም በምንም ምክንያት አይነካም። ለቧንቧ ወይም ለሽቦ ሲባል ቢም መብሳት፣ ብረቱን መቁረጥ የሕንፃውን ሁሉ ነዋሪ ለአደጋ ያጋልጣል። ክፍል መክፈል ካስፈለገ በብሎኬት ከመገንባት ይልቅ ቀለል ያለ የጂፕሰም ቦርድ ይመረጣል፤ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ክብደት አነስተኛ ነውና። ጂፕሰም ግን ውሃ አይወድም፤ በመታጠቢያ ቤት ውስጥ አይሠራበትም።

የውሃ ማጠራቀሚያም እንዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው፤ 500 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ግማሽ ቶን ይመዝናል። ይህን በጠባብ ሰገነት ጫፍ ላይ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አካባቢ የሚሻለው ትንንሽ ማጠራቀሚያዎችን በተለያየ ቦታ፣ ግድግዳ ሥር ማስቀመጥ፣ ወይም በማኅበሩ በኩል መሬት ላይ የጋራ ማጠራቀሚያ ማስተከል ነው።

ውሃና ጠሃራ

ለሙስሊም ቤተሰብ መታጠቢያ ቤት በቀን ብዙ ጊዜ የሚገባበት ክፍል ነው። አራት አዋቂ ያለበት ቤት ውስጥ ለአምስቱ ሶላት ውዱእ የሚደረግ ከሆነ ወለሉ ቀኑን ሙሉ ውሃ ያየዋል። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ በጥራት መሠራት ያለበት አንድ ክፍል ቢመረጥ እሱ ነው።

ከሴራሚክ በፊት ወለሉና የግድግዳው የታችኛው ክፍል ውሃ መከላከያ ሊቀባ ይገባል። ከዚያ የፍሳሽ ቀዳዳው ይደፈንና ወለሉ ላይ ጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ተሞልቶ ለ24 ሰዓት ይቆያል። ከታች ያለውን ጎረቤት አስፈቅዶ ጣሪያውን ማየት ያስፈልጋል። እርጥበት ካልታየ ሴራሚኩ ይነጠፋል። ይህ ፈተና የሚጠይቀው 1 ቀን ብቻ ነው፤ ካልተደረገ ግን ጥፋቱ የሚታወቀው በጎረቤት ጣሪያ ላይ ነው። ሴራሚኩ ሲነጠፍም ወለሉ ወደ ፍሳሹ በ1 ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር እንዲያዘነብል ማድረግ ውሃ እንዳይቋጥር ይረዳል። ውሃ የማይቋጥር ወለል ነጃሳ እንዳይረጭ፣ ሰውም እንዳያንሸራትት ያደርጋል።

ለውዱእ ከመታጠቢያ ገንዳው በተጨማሪ ከወለል ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያለ አንድ ቧንቧ ማስወጣት ትልቅ እፎይታ ነው። አዛውንቶች እግራቸውን ገንዳ ላይ ለማንሳት አይገደዱም፤ በአጭር በርጩማ ተቀምጠው ውዱእ ያደርጋሉ። ግድግዳው ሳይለሰን ከተሠራ ወጪው አንድ ተጨማሪ ቧንቧና መክፈቻ ብቻ ነው። ከሽንት ቤት መቀመጫው ጎን ለኢስቲንጃእ የሚሆን የእጅ ውሃ መርጫ፣ ከዐረብ አገር የተመለሱት ሸጣፍ የሚሉት፣ መስመሩ አብሮ ይውጣ። ለብቻው መዝጊያ ቢኖረው መርጫው ሲበላሽ የቤቱን ሁሉ ውሃ መዝጋት አያስፈልግም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከ1 ሊትር ባነሰ ውሃ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ሱና ብቻ ሳይሆን ለቤተሰብ የሚጠቅም ልማድም ነው።

የሽንት ቤት መቀመጫ አቅጣጫ

በመጸዳዳት ጊዜ ፊትን ወይም ጀርባን ወደ ቂብላ ማዞር እንደተከለከለ አቡ አዩብ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሐዲስ አለ። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) ደግሞ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤት ውስጥ ጀርባቸውን ወደ ካዕባ አድርገው እንዳዩ አስተላልፈዋል። በዚህም የተነሳ ዑለማዎች ተለያይተዋል። በሐነፊ መዝሀብ ክልከላው በሕንፃ ውስጥም ይሠራል። በሻፊዒይ መዝሀብ ክልከላው በሜዳ ላይ ሲሆን ግድግዳ ባለው ቤት ውስጥ ይፈቀዳል። በአገራችን ሁለቱም መዝሀቦች ሰፊ ተከታይ አላቸው።

ቤቱ ገና እየተሠራ ከሆነ ከልዩነቱ መውጣት ቀላል ነው። የኢትዮጵያ ቂብላ ወደ ሰሜን ስለሆነ መቀመጫው ምሥራቅ ወይም ምዕራብ እንዲያይ ማድረግ በቂ ነው። በኮንዶሚኒየም ግን የፍሳሽ ቀዳዳው ቦታ የተወሰነ ነው። እሱን ለማዞር ወለል መስበር ለታች ጎረቤት ጉዳት ሊያመጣ ስለሚችል፣ ሰባሪውን ከመጥራት በፊት ዓሊም መጠየቅ ይገባል።

ቂብላን በትክክል ማወቅ

አዲስ ቤት የገባ ሰው ቂብላን በስልክ ለክቶ ምንጣፉን ያነጥፋል። በኮንክሪት ሕንፃ ውስጥ ግን ያለው ብረት የኮምፓስን መርፌ ይስባል፤ የስልክ ኮምፓስም በዚሁ ይሳሳታል። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሄዱ አቅጣጫው የሚለዋወጠው ለዚህ ነው። የተሻለው ከሕንፃው ወጥቶ፣ ከመኪናና ከብረት አጥር ርቆ ለክቶ፣ ሕንፃው ከዚያ አቅጣጫ ጋር እንዴት እንደቆመ ማየት ነው።

የአንዳንድ ከተሞች ቂብላ ከትክክለኛው ሰሜን አንጻር በግምት እንደሚከተለው ነው። አዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 5 ዲግሪ፣ ጅማ ወደ ምሥራቅ 12 ዲግሪ፣ ባሕር ዳር ወደ ምሥራቅ 13 ዲግሪ ነው። ደሴ ወደ ምሥራቅ 1 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ በተግባር ሰሜን ማለት ይቻላል። ሐረር ወደ ምዕራብ 10 ዲግሪ፣ ድሬዳዋ ወደ ምዕራብ 9 ዲግሪ ነው። መካ ከአዲስ አበባ ትንሽ በስተምሥራቅ፣ ከሐረር ደግሞ በስተምዕራብ ስለምትገኝ ነው ልዩነቱ።

ያለ መሣሪያ ማረጋገጫም አለ። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ በካዕባ አናት ላይ ትሆናለች፤ ግንቦት 20 አካባቢ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ፣ ሐምሌ 9 አካባቢ ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ። የኢትዮጵያና የመካ ሰዓት አንድ ስለሆነ ስሌት አያስፈልግም። በዚያች ደቂቃ ቀጥ ብሎ በቆመ ዘንግ ጥላ ላይ መስመር ይሰመራል፤ ጥላው ከወደቀበት ተቃራኒ ያለው አቅጣጫ ቂብላ ነው። በአዲስ አበባ የ1 ሜትር ዘንግ ጥላ በዚያ ሰዓት 22 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ፀሐይ ወደ አናት ስለተጠጋች ጥቂት ደቂቃ መዘግየት አቅጣጫውን ያስታል፤ ሰዓቱን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሐምሌ ደመናማ ስለሆነ የግንቦቱ ይመረጣል።

ጥቂት ዲግሪ መሳት ሶላትን እንደማያበላሽ፣ ከካዕባ ርቆ ላለ ሰው አቅጣጫውን መያዝ እንደሚበቃ ብዙ ዑለማዎች ያስተምራሉ። ይሁንና ሴራሚክ ሲነጠፍ አቅጣጫው የታወቀ ከሆነ በአንድ ጥግ በቀጭን መስመር ማመልከት ይቻላል፤ እንግዳም ሳይጠይቅ ይሰግዳል።

የእንግዳና የቤተሰብ ክፍል

በብዙ ኮንዶሚኒየም የውጭ በር ሲከፈት ሳሎኑም ኩሽናውም በአንድ እይታ ይታያል። እቤት ያሉ ሴቶች በነፃነት እንዲንቀሳቀሱ ከበሩ መግቢያ ላይ አጭር ከለላ፣ በኩሽናና በሳሎን መካከል መጋረጃ ወይም ተንሸራታች በር ማሰብ ጥሩ ነው። በአን-ኑር ምዕራፍ (27 እና 28) የሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባት ተከልክሏል፤ የፈቃዱ ዓላማ ዓይንን መጠበቅ እንደሆነም በሐዲስ ተገልጿል። ስለዚህ የሰገነትና የመታጠቢያ ቤት መስኮት ከፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ጋር ሲተያይ የማያሳይ መስታወት ወይም መጋረጃ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግባ።

መስኮት ላይ ፍርግርግ ሲሠራ ቢያንስ አንዱ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ እሳት ቢነሳ መውጫ እንዲሆን። ሰገነትን ሙሉ በሙሉ በመስታወት የዘጋ ሰው ደግሞ አየር እንደሚቀንስ ይወቅ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለቡናም ሆነ ለእጣን ከሰል ማቀጣጠል ሽታ በሌለው መርዛማ ጋዝ ሰው ይገድላል፤ መስኮት ሳይከፈት ከሰል አይነድ፣ ከሰል እየነደደም አይተኛ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመተኛት በፊት እሳት እንዲጠፋ ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

መብራትና ምጣድ

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። በ220 ቮልት ይህ ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። ከሌሎች ሶኬቶች ጋር በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ከተሰካ ሽቦው ይሞቃል፣ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይቀጣጠላል። ስለዚህ ምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና ወፍራም ሽቦ ይኑረው። የውሃ ማሞቂያም እንዲሁ። መጠኑን ኤሌክትሪሻኑ ይወስን፤ ባለቤቱ ግን መስመሮቹ ግድግዳ ውስጥ ከመቀበራቸው በፊት በየግድግዳው ፎቶ ያንሳ። በኋላ ሚስማር ሲመታ ወይም ካቢኔት ሲሰቀል ሽቦና ቧንቧ የት እንዳለ የሚያውቀው በዚያ ፎቶ ነው።

የምጣድ እንፋሎት ጂፕሰምና የካቢኔት እንጨት ያበላሻል። ቦታው መስኮት አጠገብ ቢሆን ይመረጣል።

ሲሚንቶ እንዲደርቅ መታገስ

አዲስ የተለሰነ ግድግዳና አዲስ የተነጠፈ ሲሚንቶ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት፤ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ጥንካሬው የሚለካውም በ28 ቀኑ ነው። ባልደረቀ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ያብጣል፤ ይላጣል። በክረምት ደግሞ መድረቁ ይዘገያል። ስለዚህ ልስን ካለቀ በኋላ የመጀመሪያውን ቀለም ብቻ ቀብቶ መግባት፣ የመጨረሻውን ከጥቂት ወራት በኋላ መቀባት ገንዘብም ይቆጥባል፤ ዕቃ ሲገባ የተጫረውንም ይሸፍናል። ሴራሚክ ሲገዛ ለመቆራረጥና ለመሰበር 10 በመቶ ያህል ተጨምሮ፣ በካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑ ታይቶ ይገዛ፤ ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙ ይለያል። የተረፈው ለጥገና ይቀመጣል።

ከሠራተኛ ጋር የሚደረግ ውል

በአል-በቀራ 282 ዕዳን መጻፍና ማስመስከር ታዟል። የፊኒሺንግ ውልም በቃል ከሚቀር በጽሑፍ ቢሆን ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ሥራው በእጅ ዋጋ ይሁን ወይስ ከነማቴሪያሉ፣ በካሬ ስንት፣ መቼ ይጀመራል መቼ ያልቃል፣ የተበላሸውን ማን ያስተካክላል የሚሉት ይጻፉ። ክፍያው ሥራው በደረሰበት ልክ ይከፋፈል። ለፍተሻ የሚቆይ ክፍያ ካለ ከመጀመሪያው ተስማምተውበት እንጂ ሥራው ካለቀ በኋላ ሰበብ ተፈልጎ አይያዝ። የሠራተኛ ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል የታዘዘበት ሐዲስ በኢብን ማጀህ ተዘግቧል።

ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ ሴት ብቻዋን ከሠራተኛ ጋር በዝግ ቤት እንዳትቀር ማመቻቸት የቤተሰቡ ኃላፊነት ነው። በዐረብ አገር የሚሠሩ እህቶችና ወንድሞች በላኩት ገንዘብ ቤት የሚያሠራ ዘመድም አደራ እንደያዘ ያስብ። ገንዘቡን ከራሱ ገንዘብ ለይቶ ያስቀምጥ፤ ደረሰኝ ይሰብስብ፤ በየሳምንቱ ፎቶ ይላክ። ላኪውም ዘመዱ የሚደክምበትን ዋጋ ከመጀመሪያው ይወስንለት፤ በዝምታ የተተወ ድካም በኋላ ቅሬታ ይሆናል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ወለድ (ሪባ) በአል-በቀራ 275 በግልጽ ሐራም ተደርጓል። ለጌጥ ተብሎ ወደ ወለድ መግባት ደግሞ ችግር አስገደደኝ የሚባልበት አይደለም። ቤቱ ራሱ በወለድ ብድር የተያዘ ከሆነ ሁኔታውን ለሚታመን ዓሊም አቅርቦ መጠየቅ፣ ቢያንስ በፊኒሺንጉ ላይ ሌላ አለመጨመር ይገባል። የሚከተሉት አማራጮች አሉ።

ወለድ አልባ የባንክ አገልግሎት፦ በአገራችን በመደበኛ ባንኮች በመስኮት ደረጃ የተጀመረ ሲሆን፣ በ2013 ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ ሆኖ ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራ ባንክም ተከትሏል። ለቤት ማጠናቀቂያ የሚመጥነው አንዱ ውል ሙራበሃ ነው። ባንኩ ሴራሚኩን ወይም ዕቃውን ከነጋዴ ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ለደንበኛው በክፍያ ይሸጣል። ዋናው መስፈርት ባንኩ ዕቃውን ከመሸጡ በፊት በእጁ ማድረጉ ነው። ጥሬ ገንዘብ ሰጥቶ ከጭማሪ ጋር መቀበል ስሙ ምንም ቢባል ሙራበሃ አይሆንም። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በኋላም ለዘገየ ክፍያ ተብሎ ለሻጩ ገቢ የሚሆን ጭማሪ አይፈቀድም። ሲፈርሙ ይህን መጠየቅ የደንበኛው መብት ነው።

ኢስቲስናዕ፦ የኩሽና ካቢኔት፣ በርና ቁም ሳጥን ለእንጨት ቤት ሲታዘዝ የሚደረገው ውል ይህ ነው። መጠኑ፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ ዋጋውና የሚያልቅበት ጊዜ ተገልጾ ክፍያው በክፍልፋይ ሊሆን ይችላል። ነጋዴ በዱቤ ሲሸጥ ከጥሬ ገንዘብ ዋጋ ማስበለጡም፣ ዋጋው በመጀመሪያ አንድ ሆኖ እስከተቆረጠ ድረስ፣ በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ይፈቀዳል።

እቁብ፦ ሁሉም እኩል ከፍሎ በተራው እኩል የሚወስድበት እቁብ እርስ በርስ የመበዳደር ዓይነት ስለሆነ ብዙ የዘመኑ ዑለማዎች ፈቅደውታል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እጣው ሲሸጥ ነው። እጣ የደረሰው ሰው የ100 ሺህ ብር ተራውን ለቸኮለ አባል 5 ሺህ ብር ተቀብሎ ከለቀቀለት፣ ጭማሪው በብድር ላይ የተገኘ ጥቅም ነው፤ ይህም ሪባ ነው። በጨረታ የሚወጣ እቁብም በዚሁ ይታያል።

ቀርድ ሐሰን፦ ከዘመድ ወይም ከወዳጅ ያለ ጭማሪ የሚወሰድ ብድር ነው። ይጻፍ፤ የመክፈያ ጊዜውም ይታወቅ።

ለቤቱ የተጠራቀመ ገንዘብ ዘካ አለበትን? የመኖሪያ ቤት ዘካ የለበትም። ለፊኒሺንግ የተቀመጠ ገንዘብ ግን ኒሷብ ከደረሰና አንድ የጨረቃ ዓመት ከሞላው፣ ለቤት የታሰበ መሆኑ ብቻ ዘካውን አያስቀርም፤ 2.5 በመቶው ይወጣል። ኒሷቡ በወርቅ ሲሰላ የ85 ግራም ዋጋ ነው። ስለዚህ ብሩን ይዞ ዋጋ እስኪጨምር ከመጠበቅ ዕቃውን ቀስ በቀስ መግዛት ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ለራስ መገልገያ የተገዛ ሴራሚክና ቧንቧ ዘካ የለበትምና።

መግቢያውና ጎረቤት

አዲስ ቤት ሲገባ ቢስሚላህ ብሎ፣ በአን-ኑር 61 እንደታዘዘው ሰላምታ አቅርቦ መግባት፣ በቤት ውስጥ ሱና ሶላት መስገድና ሱረቱል በቀራን መቅራት በቂ ነው። ለምስጋና ምግብ አዘጋጅቶ ዘመድና ጎረቤት መጋበዝን ፉቀሃዎች ወኪራ ብለው ይጠሩታል፤ የተወደደ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ብድር ውስጥ ገብቶ የሚደረግም አይደለም። ለአላህ ብሎ አርዶ ማብላትና ቤቱን ከጂን ለመጠበቅ ብሎ ማረድ ግን ይለያያሉ። ደም ደጃፍ ላይ መቀባት፣ የፈረስ ኮቴ ብረት ወይም ሌላ ክታብ በር ላይ መስቀል ከተውሒድ ጋር አይሄድም።

ጂብሪል (ዐ.ሰ.) ስለ ጎረቤት ደጋግመው አደራ ከማለታቸው የተነሳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው አስበው ነበር። በኮንዶሚኒየም ይህ አደራ ቁርጥ ያሉ ነገሮችን ይጠይቃል። መሰርሰሪያና መዶሻ ሌሊትና በዕረፍት ሰዓት አይሠራ። የፍርስራሽ ከረጢት ደረጃ ላይ አይደር። የሲሚንቶ እጣቢ ፍሳሽ ውስጥ አይፈሰስ፤ ይረጋና የሕንፃውን ሁሉ ቧንቧ ይደፍናል። ለእርድና ለድግስ የጋራ መገልገያ ቤት ካለ ወረፋው ይጠበቅ፤ ከተጠቀሙ በኋላ ታጥቦ ይመለስ። ሙስሊም ላልሆነው ጎረቤትም ይህ ሁሉ መብቱ ነው፤ ወለሉ ላይ ያለው ጎረቤት ስለ ኢስላም የሚማረው ከዚህ ነው።

ለመግባት የሚበቃው ቤት ውሃው የማይፈስ፣ ሽቦው የማይቀጣጠል፣ ቂብላው የታወቀ፣ በሩ የሚዘጋ ቤት ነው። የቀረው በሐላል ገንዘብ፣ በየዓመቱ ትንሽ በትንሽ ይጨመራል። አላህ ቤቶቻችንን የሰላምና የበረካ ያድርግልን፤ ገና ቤት ያላገኙትንም ከፊዱ ይስጣቸው።